በጥር የተፈለገ ውሃ

ረቡዕ፣ መጋቢት 14 ቀን 1958 ዓ.ም. ሶዶ

«ከኮይሻ በታች በሚገኘው ደን ውስጥ አሉ ተብለው በካርታ የቀረቡት አሥራ አንድ ኩሬዎች በጥር ወር በቦታው ላይ በተደረገው ምርመራ አንዳቸውም ያልተገኙ ከመሆኑም በላይ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ተጠይቀው ውሃ የሚባል ነገር አለመኖሩን በጣታቸው ፈርመው ስላረጋገጡ፣ ካርታው በግል ግምት የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ቦታው ጠፍ መሬት ተብሎ ተመዝግቦ ለጥጥ እርሻ ለጠየቁት አመልካች እንዲሰጥ የተወሰነ መሆኑን እናስታውቃለን።»

ደብዳቤውን ቃል በቃል ገለበጥኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የቦታ ልማት ጉዳይ ጽ/ቤት ተላላኪ ያመጣው በአራተኛው ክፍለ ጊዜ መካከል ነው፤ ስለ ቅጠል አተነፋፈስ እያስተማርኩ። አንብቤ ወደ ሰሌዳው ተመለስኩ። የጀመርኩትን ዐረፍተ ነገር አልጨረስኩትም። ተማሪዎቹ ጭጭ አሉ። ጠባዬን ያውቃሉ።

በግል ግምት! አንተ ደብተር፣ ሦስቱንም ክረምት በኮርቻው ኪስ ውስጥ አብረኸኝ ነበርክ። ሽፋንህ ላይ ያለው እድፍ የአራተኛው ኩሬ ጭቃ ነው። በኮምፓስና በተቋጠረ ገመድ፣ እስከ ጭኔ ውሃ ውስጥ ቆሜ የለካሁትን፣ ኩሬዎቹ እንዲጠበቁ ከማመልከቻዬ ጋር ያቀረብኩትን ካርታ ግምት አሉት። ሰው በሃምሳ አራት ዓመቱ ሐሰተኛ ተብሎ በመዝገብ ይጻፋል። ቤይሩት ድረስ ሄጄ የተፈጥሮ ሳይንስ የተማርኩት ለዚህ ነው።

ለራሴ ንዴት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። (አልልም። ግን ይሁን።) ቦታው ሊታረስ ነው። ዝናብ ሲመጣ በወይባውና በአባሎው ዛፍ መካከል ያለው ጎድጓዳ ጥቁር አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ በኅዳር ይደርቃል። ስለሚደርቅ ዓሣ የለበትም። ዓሣ ስለሌለበት እንቁራሪት እንቁላሏ ሳይበላባት ታሳድጋለች። እሷን ፍለጋ ሳቢሳና ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች ይመጣሉ። ሲመሻሽ አጋዘን ሊጠጣ ይወርዳል። አንድ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ወደ ወንዙ ከፈሰሰ ይህ ሁሉ ያልቃል። ተመልሶ አይመጣም።

አመልካቹ ጡረታ የወጡ ሻለቃ ናቸው። ቦዩን ሰኔ ሳይገባ ያስቆፍራሉ ተብሏል።


ዓርብ፣ መጋቢት 16

ጽ/ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ወንበር ሳቡልኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ካርታዬ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በላዩ የማን እንደሆነ የማላውቀው ባርኔጣ። ባርኔጣውን አንስቼ ካርታውን አውርጄ ያዝኩ። ማንም አልከለከለኝም።

ለምን በጥር ሄዳችሁ ስል ጠየቅሁ።

«ላንድሮቨሩ በዝናብ ኮይሻ አይገባማ፣ መምህር።»

«ኩሬው ደግሞ ላንድሮቨሩ በሚገባበት ወር የለም።»

«እንግዲህ መኪናውና ኩሬው ካልተገናኙ የእኛ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?»

ጸሐፊው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የክረምት ኩሬ ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪ እንደማስረዳ አስረዳሁ። ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከዶሴው አንድ ወረቀት መዘው አሳዩኝ። የነዋሪዎቹ ምስክርነት። «ውሃ የለም፣ ኖሮም አያውቅም።» ከሥሩ የጣት አሻራ ተደርድሯል።

የመጀመሪያው አሻራ የአቶ አንጁሎ።

አንጁሎ! ሦስት ክረምት በቅሎዬን ያሰርኩት በእሱ ደጅ ነው። ገመዱን በማዶ በኩል የያዘልኝ እሱ ነው። ውሃው ብብቱ ደርሶ ሲስቅብኝ ነበር።

ኃላፊው ወረቀቱን መለሱ። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኩሬ የለም እያሉ ጽ/ቤቱን ልወቅስ እንደማልችል ነገሩኝ። ትክክል ናቸው። ይህ ነው ያቃጠለኝ።


ሰኞ፣ መጋቢት 19

ባለፈው ኅዳር ከሰባተኛው ኩሬ ወለል ቆርጬ ያመጣሁት ደረቅ አፈር በጆንያ አለ። ዛሬ እንጎቻ የሚያህል ጓል ሳፋ ውስጥ አድርጌ ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አፈሰስኩበት። ባለቤቴ ወ/ሮ አስካለ ለፋሲካ ዶሮ የምበልትበት ሳፋ ነው አለች። እስከ ፋሲካ ይለቀቃል አልኳት። ሁዳዴ ነው፣ ዶሮም የለም፣ ሳፋውም ሥራ ፈት ነው። ሌላ ሳፋ ከመደርደሪያ አወረደች፤ ሆን ብላ፣ እኔ እያየኋት።


ዓርብ፣ መጋቢት 23። ጧት 1 ሰዓት

ወጡ። ከክር የቀጠኑ፣ ነጫጭ፣ በጀርባቸው የሚዋኙ። ዐይናቸው ጥቁር ነጥብ ነው። ውሃ ሳይነካው አራት ወር በጆንያ በተቀመጠ አፈር ውስጥ ከቆየ እንቁላል ተፈለፈሉ።

አስካለ ጎንበስ ብላ ረዥም ጊዜ አየች። አፈሩ ውስጥ ምን ይጠብቁ ነበር አለችኝ። ዝናብ ነዋ። ቀና ብላ፣ ሳፋው በቃ ያንተ ነው፣ እኔ ከእንግዲህ አልበልትበትም አለች።

ጽ/ቤት ወስጄ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው አሰብኩ። ተውኩት። ትል የያዘ ሳፋ ተሸክሞ የሚዞር መምህር ሶዶን ለአንድ ወር ያስቃል፤ ጠፍ የተባለው መሬት ግን ጠፍ እንደሆነ ይቀራል። ማስረጃቸው ሰው ነው። የሚያፈርሰውም ሰው ብቻ ነው። ለፋሲካ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ኮይሻ እወርዳለሁ።

የዳሞት ተራራ ከትናንት ጀምሮ ደመና ለብሷል።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4። ቤሌ፣ ኮይሻ

በዓሉን እቤት ውዬ ትናንት ንጋት ተነሣሁ። መንገዱ ቅባት ነው። በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ተንበረከከች፣ እኔ አንድ ጊዜ ወደቅሁ። ይዘንባል። ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ያለ ጭቃ ያለበት ዓመት ኩሬ አለው።

ነገ አንጁሎ ዘንድ። ምን እንደምለው መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነበር። የሚበጀው ጥቂቱ ነው።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 5። አንጁሎ ቤት

ደጁ ላይ ጎዳሬ ሲኮተኩት አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «ደኅና መጣህ፣ ጎዳ» አለኝ በወላይትኛ። ጎዳ ጌታ ማለት ነው። እንዲህ የሚለኝ ሲያሾፍ ነው።

ሰላምታውን አልመለስኩም። ያሰናዳሁትን ሁሉ ዘርግፌ ጮህኩበት። ሚስቱ ማርታ ከቤት ወጥታ ቆመች። አንጁሎ መኮትኮቱን አላቆመም። ስጨርስ አፈሩን ከእጁ አራገፈ።

«ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከመኪና ወርዶ ‘ውሃ አላችሁ ወይ?’ ሲል አዎን የሚል ሰው አይተሃል? አባቴም የለንም ብሏል። አያቴም የለንም ብሏል። አንተ ሶዶ አድገህ ይህን አታውቅም?»

አውቃለሁ። መሬት በሦስት ደረጃ እንደሚመዘገብ የማያውቅ የለም፤ ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ። ውሃ ያለው ለም ይባላል፣ ግብሩ ይከብዳል። ስለዚህ መርማሪ በመጣ ቁጥር ምንጩ ይደርቃል፣ ላሞቹ ይነጥፋሉ፣ ንቡ ይሰደዳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን ይህ ልማድ የእኔንም ኩሬዎች ያደርቃል ብዬ አላሰብኩም።

መርማሪው ስለ ግብር አልመጣም አልኩት። ጠፍ የተባለ መሬት ለጠየቀ ይሰጣል፤ ተጠይቋል፤ ሊሰጥ ነው። ሻለቃው ቦይ ያስቆፍራሉ፣ ጥጥ ይዘራሉ፣ ዘበኛ ያቆማሉ።

አንጁሎ ማርታን አየ። ማርታ ወደ ደኑ አየች።

«ከብቶቻችንስ?» አለች።

አይገቡም አልኳት።

አንጁሎ ኩትኮታውን ትቶ ቤት ገባ። ምሳ ላይ ቆጮ በሚያቃጥል ዳጣ ቀረበልኝ፤ በልቼ ዓይኔ አነባ። ማርታ ብቻ ትንሽ ሳቀች።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 7። ደን ውስጥ

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሞልተዋል። ሁለቱ ግማሽ ናቸው። እያንዳንዱን ከካርታው ጋር አስተያየሁ። የሦስተኛውን ምሥራቃዊ ጠርዝ በትንሹ አሳስቻለሁ፤ አረምኩ። ሌላው ልክ ነው። ልክ ነው!

አምስተኛው ኩሬ። የእንቁራሪት እንቁላል በሣሩ አገዳ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ተንጠልጥሏል። ከርከሮ የተንከባለለበት ጠርዝ ገና ትኩስ ነው። ጥንድ ይብራዎች አዩኝና አልተነሡም። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልጻፍኩም። ተናድጄ እንደመጣሁ ረስቼ ነበር። ወዲያው ትዝ አለኝ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 9

የቤሌውን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ወንጌላዊ ሶርሳ ዐርባ ዓመት የማይሞላው፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። አምልኮው ሲያበቃ ሰው እንዳይበተን አደረገልኝ። ሾላው ሥር ተቀመጡ። ሶርሳ ነገሩን በወላይትኛ ካስረዳ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ መሬት ለም ከተባለ ግብር ትጨምራለች። ጠፍ ከተባለ ደግሞ መሬቷ ራሷ ትሄዳለች። ሰው የቱን ይምረጥ?»

ግብሩን ነዋ አልኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ለእሱ ምን አለበት፣ እሱ ደመወዝተኛ ነው፣ ግብሩን የምንከፍለው እኛ አለ። ሣቁ ለሽማግሌው ሆነ።

ከዚያ ማርታ ተነሣች። ማመልከቻዬ ውስጥ ከብት ወደ ኩሬዎቹ እንዳይገባ የሚል አንቀጽ እንዳለ ከየት እንደሰማች አላውቅም። ሰምታለች።

«ሻለቃው ከብታችንን ያባርራል። መምህሩም ያባርራል። ልዩነታቸው ምንድነው? ይሄ ሰው ለእንቁራሪት ይህን ያህል ከተሟገተ ለላሚቱ አንድ ቃል አይተርፈውም?»

ከብት ጠርዙን ይረግጣል፣ እንቁላሉን ይደፈጥጣል፣ ውሃውን ያደፈርሳል ብዬ አስረዳሁ። እውነት ነው። እውነት መሆኑን እነሱም አልካዱም። ግን ለሻለቃው የማይሰጡትን ለእኔ የሚሰጡበት ምክንያት የላቸውም።

እስከ ከሰዓት ተከራከርን። እንደ ገበያ። አንጁሎ ስድስት ኩሬ ለከብት አለ፤ እኔ አንድ አልኩ። እሱ አምስት፤ እኔ ሁለት። እንደዚህ አይሆንም ብዬ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ከመንገዱ በታች ያሉት አራቱ ለከብት ሆኑ። ደን ውስጥ ያሉት ሰባቱ ከበልግ መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከብት አይረግጣቸውም፤ የገባበትን ሽማግሌዎቹ ይዳኙታል እንጂ ጽ/ቤት አይሄድም። አራት መስጠቴ ያንገበግበኛል። ከአራቱ አንዱ በሆነው በዘጠነኛው ውስጥ የዘንድሮ ዔሊዎች ነበሩ። ሰጠሁ።

ካርታውን ሣሩ ላይ ዘርግቼ ከብት የማይገባበትን መስመር በፊታቸው ለወጥኩ። ቁጥር ምንድነው አሉኝ፤ እያንዳንዱ ስም አለው። ስሞቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ። የቁጥሩ ሥርዓት ተበላሸ። ይሁን።

ሶርሳ ምስክርነቱን በአማርኛ ጻፈ። እኔ አላረምኩትም፤ የእነሱ ቃል እንጂ የእኔ አይደለም። «በጥር ውሃ የለም ያልነው ግብር ፈርተን ነው። ውሃ አለ። በበልግና በክረምት ለመጣ ሁሉ እናሳያለን።» የአሥራ ስምንት አባወራ አሻራ። አንጁሎ የመጀመሪያው። ጣቱን ቀለሙ ላይ ጭኖ፣ ይቺ ጣት ዘንድሮ ብዙ ዋሸች ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18። ሶዶ

ምስክርነቱንና ካርታውን ለጽ/ቤቱ አስረከብኩ። ኃላፊው ምስክርነቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከልባቸው ተጨነቁ፤ አየሁ። ከዚያ ምን አሉ መሰለህ፣ ደብተር? ሁለት ተቃራኒ ምስክርነት ስላለ በቦታው እንደገና መመርመር አለበት። መቼ? መንገዱ ሲደርቅ። ማለት? በሚቀጥለው ጥር።

ጥር!

ቦዩስ ሰኔ ሳይገባ ይቆፈራል፣ ምን ሊመረምሩ ነው አልኳቸው። የመሬቱ መስጠት የተወሰነ ጉዳይ ነው፣ ምርመራው ሌላ ጉዳይ ነው አሉ። በሩ ድረስ ሸኙኝ። በረንዳው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ወንድም ልንገርዎ፣ ሻለቃው ትልልቅ ሰው ያውቃሉ፣ እርስዎም ለጡረታ የቀረዎት ጥቂት ነው፣ ለወፍ ብለው አይበላሹ አሉኝ።

ምክሩን በጽሑፍ ይስጡኝ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ሶርሳ ለገበያ መጥቶ ቤቴ ገባ። አስካለ ምሳ አቀረበች። እጁን ታጥቦ፣ ጸልዮ፣ ሦስት ጉርሻ ጎርሶ ነገረኝ።

የሻለቃው ሰዎች ችካልና ገመድ ይዘው ወርደዋል። ከደኑ ገብተው ውሃ ላይ ደረሱ። ካርታቸው ላይ ደረቅ ነው። ዞረው ሌላ በኩል ሞከሩ፤ እዚያም ውሃ። ሕፃናት ተከትለው ይስቁባቸው ነበር። ሰዎቹ ተናድደው የአካባቢውን ጭቃ ሹም አስጠሩ። ጭቃ ሹሙ አንጁሎን አስጠራ። ፈርሜያለሁ የምትለውን አንሣ ተባለ። አላነሣም አለ። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አሰሩት። ሲለቁት መሬትህ ከዛሬ ጀምሮ ለም ተብሎ ይጻፋል አሉት።

«ምን አለ?» አልኩት።

«‘ጻፉት፤ ውሃ እንዳለኝ እናንተም መሰከራችሁ’ አለ።»

ሶርሳ ፈገግ አለ። ማርታ ምን ትላለች ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩስ ምን እያደረገ ነው ትላለች አለኝ።

አስካለ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ሶርሳ ከሄደ በኋላ ስለ ጡረታው አሰብህ ወይ አለችኝ። አሰብኩ አልኳት። ሳህኖቹን አነሳች፤ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ አለች።


ረቡዕ፣ ግንቦት 3። ማታ 12 ሰዓት

ዛሬ ክፍል ውስጥ አልተቆጣሁም። ልጆቹ ፈርተው ይመስለኛል ከወትሮው የበለጠ ዝም አሉ። የምቆጣበት ቦታ ሌላ ነው። ከእንግዲህ በረንዳ ላይ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሚነገር ነገር የለም። ሁሉም በወረቀት። በሪኮማንዴ፣ ተፈርሞ በሚወሰድ ፖስታ። ግልባጭ ለጠቅላይ ግዛቱ፣ ግልባጭ ለሻለቃው ራሳቸው፣ አንድ የካርቦን ቅጂ፣ ደብተር፣ አንተ ውስጥ።

ቦዩ ሲጀመር ከእኔ ጋር እንደሚቆሙ አባወራዎቹ በሶርሳ በኩል መልእክት ልከውልኛል። ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ስድብ ነበረበት። ይህ አምስተኛው ነው፤ ነገ ጧት ይሄዳል፦

«የቦታ ልማት ጉዳይ ጽ/ቤት ኃላፊ፣

መጋቢት 14 ቀን በደረሰኝ ደብዳቤ ካርታዬ በግል ግምት የተሠራ ተብሏል። ይህ ስሜን የሚያጎድፍ ነው፤ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። ከዚህ የሚበልጠው ግን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ቦታው ጠፍ ተብሎ የተመዘገበው በደረቅ ወር በተደረገ ምርመራና ሰዎቹ ራሳቸው በሻሩት ቃል ነው። ሁለተኛ፣ የአመልካቹ ቀያሾች በሚያዝያ ወር በዚያው ቦታ ውሃ አግኝተው ተመልሰዋል፤ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ እውነቱን በመመስከሩ አንድ ገበሬ ታስሯል፤ በማን ትእዛዝና በየትኛው ሕግ እንደሆነ ይገለጽልኝ።

የጽ/ቤቱ መኪና አሁን ኮይሻ እንደማይገባ አውቃለሁ። በቅሎ ይገባል። በየትኛውም ቀን ለሚመጣ መርማሪ በቅሎውን፣ ስንቁንና መንገድ መሪውን በራሴ ወጪ አዘጋጃለሁ። ወደዚያ ለመሄድ የማይፈልግ ጽ/ቤት ውሃ የለም ብሎ ሊወስን አይችልም።

መርማሪው ሄዶ እስኪያይ ድረስ አንድ አካፋ አፈር እንዳይነሣ ጽ/ቤቱ ለአመልካቹ በጽሑፍ እንዲያግድ እጠይቃለሁ። ካልታገደ ግንቦት 20 ቀን ወደ ደኑ እወርዳለሁ። ባለ አሻራዎቹ አሥራ ስምንት አባወራዎች ከእኔ ጋር ቦዩ በሚጀመርበት ቦታ ይገኛሉ።

መልሱን እስከ ዓርብ ግንቦት 19 ቀን 1958 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት መዝጊያ ድረስ፣ በጽሑፍ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ሆኖ እጠብቃለሁ። በቃል የሚሰጥ መልስ እንዳልተሰጠ እቆጥረዋለሁ።»